ወንበሩ ቋሚ፣ ድምፁ አላቂ

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ለሬዲዮ ጣቢያ ባለቤቶችና ለአድማጮች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት ወይም የፕሮግራም ስልት ሲለወጥ፣ የተቀዳ ድምፅ እንደ ቋሚ ንብረት ተቆጥሮ በርክክብ ሰነድ እንዲገባ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ጤና ይስጥልኝ። ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ሲረዝም ርዕሱና ፊርማው ብቻ እንደሚነበብ አውቃለሁ። ሆኖም ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ላሳጥረው ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ረዝሞብኛል፤ ስለዚህ እንዳለ ልኬዋለሁ።

የሬዲዮ ፕሮግራም በሚዘጋጅበት አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የቴፕ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ጋዜጠኛ አልነበርኩም፤ ድምፄም አንድ ቀን እንኳ በአየር ላይ ውሎ አያውቅም። ሥራዬ የሌላውን ድምፅ መረከብ፣ በካርቶኑ ጀርባ ላይ ርዕሱን፣ ቀኑንና ርዝመቱን መጻፍ፣ በየመደርደሪያው መደርደር፣ ሲጠየቅ ማውጣት፣ ሲመለስ ቦታው መመለስ ነበር። ይህን 27 ዓመት ሠርቻለሁ። የስቱዲዮውን ስም አልጠራም። ዛሬ እዚያ ያሉት ልጆች ምንም አላጠፉም፣ ያጠፋነውም አብዛኞቻችን ጡረታ ላይ ነን፣ ከፊሎቻችንም አፈር ለብሰናል። በእኔ ዘመን የስቱዲዮው ባለቤት ሦስት ጊዜ ተለውጧል። ሦስቱንም ርክክቦች ቁልፍ ይዤ፣ ቆሜ አይቻለሁ።

ርክክብ እንዴት እንደሚካሄድ እናንተም ታውቃላችሁ። ኮሚቴ ይመጣል። አንዱ መዝገብ ይይዛል፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር በነጭ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል። ወንበር፣ ባለ ክንድ፣ አንድ። ጠረጴዛ፣ ባለ ሦስት መሳቢያ፣ አንድ፣ የአንዱ መሳቢያ ቁልፍ የለም። የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ፣ የማይሠራ። የቆመ ሰዓት እንኳ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በወጪ ደረሰኙ በሞዴል 22 ወጥቶ፣ በገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። በመጀመሪያው ርክክብ ኮሚቴው ቴፕ ቤቱ ሲደርስ ሰውየው አራቱን መደርደሪያዎች ቆጠረና፣ መደርደሪያ፣ ብረት፣ ባለ ስድስት እርከን፣ አራት ብሎ አለፈ። በመደርደሪያው ላይ ያሉትስ አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ።

«እነሱማ አላቂ ዕቃ ናቸው» አለኝ።

ያን ጊዜ ወጣት ስለነበርኩ ዝም አልኩ። አላቂ ዕቃ ማለት ሳሙና ነው፣ የጽሕፈት መኪና ሪባን ነው፣ ወረቀትና ቀለም ነው። ተሠርቶበት የሚያልቅ፣ ካለቀ በኋላም የማይጠየቅበት ማለት ነው። የዚህ ደብዳቤ ጥያቄ ከዚያች አንዲት ቃል የተወለደ ነው።

ነገሬን በእኔ ስቱዲዮ ብቻ ብናገር የአንድ ጡረተኛ ብሶት ይመስልብኛል። ስለዚህ ሁላችንም ወደምናውቀው ጣቢያ ልውሰዳችሁ። ዕድሜው 60ን ያለፈ አዲስ አበቤ «ብስራተ ወንጌል» ሲባል ቤተ ክርስቲያን ከማሰቡ በፊት ሬዲዮ ትዝ ይለዋል። በ1952 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ ለሆነው የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ጣቢያ እንዲያቋቁም ፈቃድ ሰጠ። ጣቢያው የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመረቀ። የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ኖርዌያዊው ሲጉርድ አስኬ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ገጃ ላይ የተተከሉት ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች እያንዳንዳቸው የ100 ኪሎ ዋት ጉልበት ነበራቸው። አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ፣ ነጥሮ የሚመለስ ነገር ስለሆነ፣ ከዚያች የገጃ ሜዳ የተነሣ ድምፅ አፍሪካንና እስያን ያዳርስ ነበር። ማላጋሲ፣ ስዋሂሊ፣ ሐውሳ፣ ዙሉ፣ ዐረብኛ፣ ፋርስኛ፣ ሂንዲ፣ ታሚል፣ ቻይንኛ ሳይቀር ከአዲስ አበባ ይነገር ነበር።

ብዙ ሰው የማያውቀው የዚህን አሠራር ነው። እነዚያ ሁሉ ቋንቋዎች አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይዘጋጁም ነበር። ማዳጋስካር ውስጥ አንትሲራቤ፣ ታንዛኒያ ውስጥ ሞሺ፣ ሌላም ሌላም ቦታ የየአካባቢው ስቱዲዮዎች ነበሩ። እነሱ በአገራቸው ሰው አፍ ይቀዱና ቴፑን በአውሮፕላን ይልኩታል፤ አዲስ አበባ ተረክባ ታሰራጨዋለች። የእኛው መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም በየምሥራች ድምፅ ስቱዲዮዋ የአማርኛውን ታዘጋጅ ነበር። እንግዲህ እንደ ቴፕ ቤት ሠራተኛ አስቡት፤ የግማሽ ዓለም ድምፅ በካርቶን ታሽጎ በየሳምንቱ ወደ አንድ መደርደሪያ ይገባ ነበር። ያን መደርደሪያ አለማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የጣቢያው ስልትም ከስሙ የተለየ ነበር። ከስርጭቱ ከመቶ 30 ያህሉ ለስብከት፣ የቀረው 70 ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለሙዚቃ እንዲሆን የተወሰነ ሕግ ነበራቸው። የሰባኪ ድርጅት ገንዘቡን አውጥቶ፣ ማሰራጫውን ተክሎ፣ ከሰዓቱ ከግማሽ በላዩን ለሌላ ነገር መልቀቁ ቀላል ውሳኔ አይደለም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ አጥባቂ ኦርቶዶክስ። ሬዲዮናችን በዳንቴል የተሸፈነ፣ ከሲንጀሩ በላይ በግድግዳ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነበር። ስብከቱ ሲጀመር አባቴ እጁን ዘርግቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዜናው ሲደርስ ከፍ ያደርጋል። ሠላሳና ሰባ የሚባለውን ነገር ሳይሰማ በጣቱ ያሰላው ነበር ማለት ነው። ደንበኞቹም ቅድ ልብስ ሊለኩ መጥተው ዜናውን ሰምተው ይሄዳሉ።

ብስራተ ወንጌልን መልአክ ላደርገው አልፈልግም። ባለቤቱ የውጭ ድርጅት ነበር፤ ፈቃዱ የንጉሡ በጎ ፈቃድ ነበር፤ ስለ አገር ውስጥ ፖለቲካ ሲናገርም እግሩን እያየ የሚረግጥ ጣቢያ ነበር። በሰው ቤት የተቀመጠ እንግዳ የሚያደርገውን ሁሉ አድርጓል። ቢሆንም በዚያ ዘመን ስለ ዓለም የተረጋጋና ያልጮኸ ወሬ በአማርኛ መስማት የፈለገ ሰው የሬዲዮውን መርፌ ወደዚያ ያዞራል። አባቴም ያዞር ነበር።

ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄኔራል ተፈሪ በንቲና አብረዋቸው የነበሩት የደርግ አባላት ተገደሉ፤ ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ ተጠቃለለ። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ቀን፣ ወታደሮች ጣቢያውን ተረከቡት። ተወረሰ። ስሙም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆነ። ከምርቃቱ እስከ ውርሱ ስቆጥረው 14 ዓመት ከ14 ቀን ነው።

ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ መርፌዋን አልነካትም፤ እዚያው ቦታዋ ላይ ነበረች። የተለወጠው ከሳጥኑ የሚወጣው ነገር ነበር። አባቴ መቀሱን አስቀምጦ ትንሽ አዳመጠና «ቤቱ ያው ነው፣ ሰውየው ሌላ ነው» አለ። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ በዜና ሰዓት ድምፁን ዝቅ አደረገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ግፍ ተፈጸመ ብሎ ይዘጋዋልና። ግፍ ተፈጽሟል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው መገደላቸውንም አልረሳሁም። ግን እኔ በሙያዬ ሳስበው ከውርሱ በኋላ ያለው 14 ዓመትም ድምፅ ነው። ማርሹ ድምፅ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጥሪ፣ የአዋጁ ንባብ፣ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» እየተባለ የተዘረዘረው ስም ሁሉ ድምፅ ነው። የዘመዱን ሞት ከሬዲዮ የሰማ ቤተሰብ በዚህች ከተማ ጥቂት አይደለም። ያንን ያነበበው ድምፅ እንዲጠፋ የሚፈልግ ሰው ያነበበው ራሱ ካልሆነ በቀር ማን ሊሆን ይችላል? የብስራተ ወንጌልም ቴፕ፣ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅም ቴፕ በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይገባቸዋል። መደርደሪያ ወገን የለውም።

የሬዲዮ ታሪካችን ከመነሻውም የመረካከብ ታሪክ ነው። አቃቂ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ጣቢያ በጥር 1927 ዓ.ም. ሲመረቅ የሠራው የጣሊያን ኩባንያ አንሳልዶ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያና በቀጣዩ ዓመት መባቻ ላይ ወረራው ሲቃረብ፣ የኢትዮጵያ አቤቱታ ለዓለም የተሰማው ጣሊያኖች በሠሩት ጣቢያ መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። እቴጌ መነን ሳይቀሩ ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ ተናግረዋል። በ1928 አዲስ አበባ ስትያዝ ሬዲዮውም የወራሪው አፍ ሆነ፤ በ1933 ደግሞ ተመልሶ የእኛ። ያ ሁሉ በስድስት ዓመት ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን መቅጃ መሣሪያ ብርቅ ስለነበር ድምፁ አልቀረም ብንል ያስኬዳል። ከ1955 በኋላ ላለው ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። ቴፕ ነበረ፤ በሜትር ተቆርጦ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ርዕስ ተጽፎበት።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። የመጀመሪያው የብሮድካስት አዋጅ በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ ቁጥሩ 178 ነው። ቀጥሎ ያለው አዋጅ ቁጥር 179 ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ አዋጅ ነው። ሁለቱ በነጋሪት ጋዜጣ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ የሚናገረውን የሚፈቅድ፣ ሌላው የተነገረውን የሚያስቀምጥ። ይህን ያየሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ። ጎረቤታሞቹ ቡና ተጠራርተው ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

በ1992 ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ተከፈተ። ከመንግሥት ሬዲዮ የወጣ ቢሆንም ለጆሮ አዲስ ነገር ነበር፤ ሰው እንደ ሰው ያወራል፣ ይስቃል፣ ስልክ ይቀበላል። ሬዲዮ ፋና ከ1987 ጀምሮ ነበረ፤ ከፓርቲ ድምፅነት ተነስቶ የአክሲዮን ማኅበር መልክ እስኪይዝ ብዙ መንገድ ሄዷል። በ2000 ዓ.ም. በመዓዛ ብሩ መሪነት ሸገር 102.1 መጣና የግል ጣቢያ ምን እንደሚመስል አሳየን። የሽማግሌዎችን ሕይወት በራሳቸው አንደበት ሳምንታት ፈጅቶ የሚያስተርክ ጣቢያ ማግኘት ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሠርግ ነው። የመንግሥቱ ሬዲዮ ራሱ ከድርጅት ወደ ድርጅት እየተላለፈ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሆነ። ከዚያ በኋላ የተከፈቱትን፣ ስማቸውን የለወጡትን፣ ከወሬ ወደ ሙዚቃ፣ ከሙዚቃ ወደ እግር ኳስ የዞሩትን ሁሉ ልዘርዝር ብል ወረቀቱ አይበቃኝም፤ ፋይላቸውም እናንተው ዘንድ ነው።

ከዚህ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፤ ሙያውን የማያውቅ ሰው አያስበውምና። በኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን ላይ ብዙው ተወዳጅ ፕሮግራም የጣቢያው አይደለም። የአየር ሰዓት ገዝተው የሚገቡት የተባባሪ አዘጋጆች ነው። አዘጋጁ ስፖንሰር ሲያጣ ወይም ከጣቢያው ጋር ሲጣላ ፕሮግራሙን ጠቅልሎ ይወጣል። የአሥር ዓመት ቃለ መጠይቅ የት ገባ ብላችሁ ብትጠይቁ ጣቢያው የአዘጋጁ ንብረት ነው ይላል፤ አዘጋጁ ደግሞ ጣቢያው ዘንድ ቀርቷል ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ያየኋቸው የአየር ሰዓት ውሎች ስለ ክፍያ፣ ስለ ማስታወቂያ ደቂቃ፣ ስለ ቅጣት ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ፤ ውሉ ሲያልቅ የተቀዳውን ማን እንደሚያስቀምጠው ግን አንድ መስመር የላቸውም። ጣቢያዎች ያስተላለፉትን ለተወሰነ ጊዜ ቀድተው እንዲያቆዩ መጠየቃቸውን አውቃለሁ። ያ ለቅሬታ ማጣሪያ ነው፤ ከሳሽ ካልመጣ ድምፁም አብሮ ይሰረዛል። በዚህ ሥርዓት ድምፁ ተከማችቶ የሚቆየው የተከሰሰ ሰው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን የራሴን ልናዘዝ።

የመጀመሪያው ባለቤት ለቆ ሁለተኛው ሲገባ ገንዘብ አልነበረም። አዲስ ቴፕ ከውጭ የሚገዛ ነው፤ ውጭ ምንዛሪ ደግሞ የለም። አለቃችን ጠሩኝና የድሮውን እየደመሰስን እንጠቀም አሉ። መደምሰሻው ከካውያ የሚከብድ፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። ሲበራ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል። ሪሉን፣ ማለትም የተጠቀለለውን ቴፕ፣ ላዩ ላይ አስቀምጠህ ቀስ ብለህ ታዞረዋለህ፤ አንዴ በዚህ፣ ገልብጠህ አንዴ በዚያ። የእኛ ሪል 366 ሜትር ነበር፤ በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር ስታጫውተው 32 ደቂቃ ይሄዳል። የ32 ደቂቃ ንግግር ለመደምሰስ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። የሚያሳዝነው ደግሞ ማግኔቱ ራሱ ድምፅ አለው፤ ሲሠራ ይንጫጫል። በአንድ ክረምት 312 ሪል ደመሰስኩ። ቁጥሩን የማውቀው በመዝገቤ ላይ ስለጻፍኩት ነው። እንድደመስስ የተሰጠኝን ዝርዝር ርዕሶችም ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ የሚረባ ነገር የሠራሁት እሱን ብቻ ነው። የእህል ዋጋ ከየገበያው። ስለ ወባ ከአንዲት ነርስ ጋር የተደረገ ንግግር። የገጠር ሕፃናት እንቆቅልሽ። ስሙ በካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ አንድ አዝማሪ፣ «ሽማግሌ፣ ዓይነ ሥውር፣ ከጎንደር መንገድ» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ።

የእህል ዋጋ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እኔም ያኔ እንደዚያ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ በእህል ዋጋው። ዛሬ የዚያን ዘመን የጤፍ ዋጋ ወረቀት ላይ ማግኘት ይቻል ይሆናል። የደብረ ብርሃን ነጋዴ «ኩንታሉ» ሲል ድምፁ እንዴት ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ከኋላው አህያ ስታናፋ፣ አንዲት ሴት «አይ ዘንድሮ!» ስትል ግን ወረቀት ላይ የለም።

በሁለተኛው ርክክብ የቀሩት ቴፖች በጆንያ ሆነው ወደ መጋዘን ሄዱ። መጋዘኑ ያፈስ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ዘመኑ ተለውጦ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ነበር፤ እንግዲህ ዳነ ብዬ ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች ጣቢያው ወሬ ትቶ ሙዚቃ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ፤ መብታቸው ነው። ለዘፈኖቹ ቦታ ሲፈለግ አንድ ትሁት ወጣት ቴክኒሺያን ሃርድ ዲስኩን አጠራው። ከማግኔቱ ይልቅ ፈጣን ነበር፣ ጠረጴዛውንም አላንቀጠቀጠም። ልጁ ሲጨርስ «ንጹሕ ሆነ፣ እማማ» አለኝ። ምን እለዋለሁ? እኔ ራሴ 312 ሪል ያነጻሁ ሴት ነኝ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ፈቃድ ስታድሱ፣ ባለቤትነት ሲተላለፍ፣ ጣቢያ ሲዘጋ ወይም የፕሮግራም ስልቱን ሲለውጥ፣ ለእናንተ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ የተቀዳ ድምፅ ዝርዝር ይሁን። ርዕስ፣ ቀን፣ ርዝመት፣ በምን ላይ እንደተቀዳ፤ አራት ዓምድ ብቻ። ወንበር ለመቁጠር ጊዜ ያገኘ ኮሚቴ ይህንንም ይቆጥራል። አዲሱ ባለቤት ላስቀምጠው አልፈልግም ካለ ከመደምሰሱ በፊት ለቤተ መዛግብቱ ያሳውቅ፤ ቤተ መዛግብቱ የሚፈልገውን ይውሰድ፣ የማይፈልገውን ይተው። ሁሉም ይቀመጥ አላልኩም። 27 ዓመት በቴፕ ቤት የኖረ ሰው ሁሉም ነገር መቀመጥ እንደማይገባው ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሰማሁት የስፖንሰር ማስታወቂያ ብዛት በወንጀል ሕግ ሊታይ የሚገባው ነው። መምረጥ ግን ከመደምሰስ ይቅደም። የተባባሪ አዘጋጆች ውልም ስለ ቅጂው አንዲት አንቀጽ እንድትኖረው አድርጉ፤ ማን ያስቀምጣል፣ ለስንት ዓመት፣ ሲለያዩስ ለማን ይሰጣል።

ለኮርፖሬሽኑ ደግሞ የተለየ ልመና አለኝ። የብስራተ ወንጌል የወራሹ ወራሽ እናንተ ናችሁ። የየካቲት 19 ቀን 1955ቱ የምርቃት ንግግር፣ በአውሮፕላን የመጡት የማላጋሲና የታሚል ቴፖች፣ የመጋቢት 3ቱ የመጀመሪያው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ስርጭት፣ ከእነዚህ መካከል በእጃችሁ ያለውን ዝርዝር አውጡልን። ዝርዝሩ ይበቃናል። ካለ ከነቁጥሩ፣ ከሌለም «የለም» ተብሎ በማኅተም። የአሮጌ ቴፕ ማጣበቂያ በጊዜ ብዛት ስለሚሟሟ፣ አንዳንዱ መጫወቻ ላይ ሲወጣ ሙጫ ሆኖ ይጣበቃል፤ እሱን በዝቅተኛ ሙቀት አድርቆ ለጥቂት ጊዜ ማጫወት የሚችል ባለሙያ ዛሬም አለ፣ ነገ ግን ላይኖር ይችላል። መጫወቻ ማሽኑም እንደዚያው ነው። በእነዚያ ስቱዲዮዎች የሠሩት ሰዎች ዛሬ በሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው። መቅጃ ይዞ ቤታቸው የሚሄድ አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ብትመድቡ ብዙ ነገር በአንድ ዓመት ይገኛል።

ለቤተ መዛግብቱ አገልግሎት ደግሞ አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል።

ከላይ 312 ሪል ደመሰስኩ ብያለሁ። እንድደመስስ የተሰጠኝ ዝርዝር ግን 315 ነበር። ሦስቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤቴ ወሰድኳቸው። በሕግ ቋንቋ የመሥሪያ ቤት ንብረት ሰርቄያለሁ፤ በመዝገብ ቋንቋ ደግሞ ምንም አልሰረቅሁም፣ አላቂ ዕቃ ነበሩና። አንደኛው የእህል ዋጋው ነው፤ የመጀመሪያውን ደምስሼ ስለተጸጸትኩ የቀጣዩን ሳምንት አስቀረሁት። ሁለተኛው የሕፃናቱ እንቆቅልሽ ነው። ሦስተኛው ዓይነ ሥውሩ አዝማሪ ነው። ከአባቴ ሲንጀር መሳቢያ ውስጥ፣ እርጥበት በማይደርስበት፣ በወረቀት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ማጫወቻ ስለሌለኝ ሰምቻቸው አላውቅም።

ቀጠሮ በምትሰጡኝ ቀን ይዣቸው እመጣለሁ። በምላሹ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞዴል 19 ይቆረጥልኝ፣ «ቋሚ ንብረት፣ ድምፅ፣ ሦስት» ተብሎ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት ጡረተኛ የቴፕ ቤት ሠራተኛ
አዲስ አበባ